ሦስት ጊዜ የጠበበ ሱሪ

ባለፈው ማክሰኞ ሕሊና ሱቄ ድረስ መጣች። ሕሊና ዛሬ ማኅበራችንን የምትመራ ልጅ ናት፤ እዚሁ ካምፓላ ተወልዳ ያደገች፣ ናካዋ አንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ ሥራ ፈትታ የማትውል ብርቱ ሴት። እኔ ደግሞ ካባላጋላ ሰፈር ውስጥ ልብስ ስሰፋ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ድሮ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢው፣ እኔ ስለነበርኩ አዲስ ነገር ባሰቡ ቁጥር መጥተው ያማክሩኛል፤ ምክሬን ሰምተው አያውቁም እንጂ። «አባባ ይርጋ፣ አንድ ነገር እንዲመርቁልን ነው» አለችና ስልኳን አወጣች። ከውጭ ሆነው የሚረዱን ሰዎች ፕሩፍ፣ ማለትም ማስረጃ፣ ይፈልጋሉ አለች። ስለዚህ ከመጪው ዓርብ ጀምሮ ምግብ የሚወስድ ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ፎቶ ይነሳል፤ ፎቶውም ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። «አልነሳም የሚልስ?» አልኳት። ሳቀች። «ማን እንዲህ ይላል አባባ? የራበው ሰው ምን ያፍራል?»

እጄ ላይ የነበረውን መቀስ አስቀመጥኩ። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ከዚህች ልጅ አፍ ከመውጣቱ በፊት ከእኔ አፍ ወጥቶ ነበር፤ ያኔ እሷ ገና አልተወለደችም ወይም ጡት እየጠባች ነበር። «አስቤበት ዓርብ እነግርሻለሁ» ብዬ ሸኘኋት። በዚያ ሰዓት ከጎረቤት ግቢ የፖሾ ሽታ መጣ፤ ያ ወፍራም የበቆሎ ገንፎ፣ የድስቱ ቂጥ ትንሽ አረር ሲል የሚሸተው። ሌላ ቀን ቢሆን አፍንጫዬም አይሰማው ነበር። ተነስቼ ከታችኛው መሳቢያ አንድ ፌስታል አወጣሁ። ውስጡ ግራጫ የሱፍ ሱሪ አለ። ባለቤቱ አልወሰደውም።

ያን ጊዜ ካባላጋላ እንዲህ መላቅጧ አልጠፋም ነበር። ቡና ቤቶቹ ጥቂት ነበሩ፤ ከአንዱ የኮንጎዎቹ ጊታር ይንቆረቆራል፣ ከእኛዎቹ ምግብ ቤት ደግሞ አንዴ የአማርኛ አንዴ የትግርኛ ካሴት ይለፈልፋል፤ ካሴቱ ሲያልቅ የምግብ ቤቱ ሴትዮ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ እስክትገለብጠው ድረስ ሁላችንም ዝም ብለን እንጠብቃለን። ቦዳ፣ ሰው የሚያመላልሰው ሞተር፣ ያኔ ግማሹ ብስክሌት ነበር፤ ኋላው ላይ ትራስ ታስሮ። ሮሌክስ፣ ያ በቻፓቲ የሚጠቀለለው እንቁላል፣ በአንዲት የአምስት መቶ ሽልንግ ሳንቲም ጎልማሳ ያጠግብ ነበር። ወንዱ ሰፊ ሱሪ ይወድ ነበር፤ ወገቡ ላይ ሁለት ሁለት እጥፋት ያለው፣ እግሩ ተቀልብሶ የተሰፋ። አሁን ልጆቹ እግራቸው ላይ ጨርቅ ለጥፈው ይመጡና «አባባ ትንሽ አጥብቡልኝ» ይሉኛል። ምኑን ላጥብበው! ቆዳቸውን?

የእኔ ሱቅ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ማዕዘን ሦስተኛው በር ነበር። ጎረቤቴ ሰይድ ይባላል፤ የወሎ ሰው፣ ስኳርና ሳሙና ሻጭ፣ አንደበቱ የለዘበ። እኔና እሱ ቀኑን ሙሉ እየተነዛነዝን እንውላለን። እኔ በጾሙ እቀልድበታለሁ፣ እሱ በጾሜ ይቀልድብኛል። «የናንተ ጾም እኮ ሌሊቱን እየበሉ ነው» እለዋለሁ። «የናንተስ? ሥጋውን ትታችሁ ድስቱን ትጨርሱታላችሁ» ይለኛል። ወላሂ እያለ ሲስቅ ሆዱ ይንቀጠቀጣል። ሰይድ ዛሬ አገሩ ገብቷል፤ በስልክ ስንገናኝ አሁንም እንነዛነዛለን።

ማኅበራችን በየወሩ ጽዋ የሚጠጣ ተራ ማኅበር ነበር። በኋላ ግን ከየአቅጣጫው ወገን እየመጣ በዛ። በሱዳን የመጣ አለ፣ በናይሮቢ የመጣ አለ። የሚያድርበት የሌለው፣ የስደተኝነት ወረቀቱ እስኪያልቅ ሁለት ዓመት ሦስት ዓመት የሚንገላታ። እንዲያው ዝም ብለን ጠላ ብቻ ልንጠጣ ነው ወይ ተባባልንና ዓርብ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ነዳያን እንድናበላ ተስማማን። እሑድ ያላደረግነው የተከራየነው ግቢ እሑድ ለሌሎች ስለሚሰጥ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ድስቱ ይጣዳል፤ ፖሾ በቦሎቄ ወጥ፣ አንዳንዴ ሽሮ ይፈስበታል። በሩ አጠገብ ለነዳያኑ ምንጣፍ ይነጠፋል። እኛ አባላቱ ማዶ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን። ድስቱ የነዳያን ነው፤ አባል አይነካውም። እነሱ በልተው ሲጨርሱ እኛ ከየቤታችን ያመጣነውን አብረን እንቆርሳለን።

አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይወስዳል የሚል ሐሜት ተነሳ። እኔ ደግሞ ሐሜት አልወድም፣ ሥርዓት እወዳለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኛ! ስለዚህ ስብሰባ ጠራሁና ደንብ አወጣሁ። የተቸገረ ሰው ስሙን ያስመዘግባል፤ ዓርብ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስሙን ከነአባቱ እጠራለሁ፤ የተጠራው «አቤት» ብሎ ከምንጣፉ ተነስቶ ሳህኑን ከእጄ ይቀበላል። ሁሉም እሺ አለ። አንድ ሰው ብቻ ከኋላ እጁን አወጣ። «ጋሽ ይርጋ፣ ስም ባይጠራስ? ሰው ዝም ብሎ ተሰልፎ ቢወስድ አይሻልም?» አለ። እኔም አፌ እንዳመጣልኝ፣ «የሚያፍር ሰው ገና አልራበውም ማለት ነዋ!» አልኩ። ግቢው በሳቅ ሞላ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ምን መሰላችሁ? እሱም አብሮን ሳቀ።

ይህ ሰው መምህር ደምሰው አያሌው ነው። ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ዕድሜው አርባ ቢሆነው ነው፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ አነጋገሩ የተለካ። ሲመጣ የለበሰው ያ ግራጫ ሱፍ ሙሉ ልብስ ነበር፤ ሳየው ሥራው ማረከኝ። የአገር ቤት ልብስ ሰፊ እጅ ነው፤ ውስጡ እንደ ውጪው የጠራ፣ ለመልቀቅ የሚበቃ ጨርቅ ከስፌቱ ውስጥ የተረፈለት። መጀመሪያ ላይ የአንድ ነጋዴ ልጆችን እቤታቸው እየሄደ ያስተምር ነበር። ነጋዴው ቤተሰቡን ይዞ ካናዳ ሄደ። ከዚያ በኋላ መምህር በምን እንደሚኖር ማንም አልጠየቀም። ሰውን በምን ትኖራለህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። እሱ ራሱ «ናጉሩ ከዘመድ ጋር ነኝ» ብሎናል። ናጉሩ ማለት ደህና ሰው የሚኖርበት ኮረብታ ነው፤ ስለዚህ ደህና ነው አልን።

ዓርብ ዓርብ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነበር። ከናጉሩ ካባላጋላ በእግሩ! «በታክሲ ለምን አትመጣም?» ስንለው «በእግር ይሻለኛል» ይላል፤ እኛም ለበረከት ነው ብለን ትርጉም ሰጠነው። ኮቱን አውልቆ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅልና እጅጌውን ሰብስቦ ያሳልፋል። ውኃ ያስታጥባል፣ ሳህን ይደረድራል፣ ድስቱን ከባለ ተራዋ ጋር ያወርዳል፤ ያ ሁሉ እንፋሎት ፊቱ ላይ ይወጣል። ነዳያኑ በልተው ሲነሱ እኛ መሶባችንን ከፍተን «መምህር፣ ና ቁረስ» እንለዋለን። «እኔ እስከ ማታ ነኝ» ይላል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

አሁን እዚህ ላይ የእኛን አገር ጠባይ አስቡት። ሌላ ቀን ቢሆን ሰው አልበላም ሲል ዝም አንለውም። አንዴ እንለምነዋለን፣ ሁለቴ እንለምነዋለን፣ በሦስተኛው «በሞቴ!» ብለን ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንከተዋለን። እንግዳም ይህን ስለሚያውቅ ሁለቴ እንቢ ብሎ በሦስተኛው ይበላል፤ ክብሩም ሆዱም አይጎዳም። ጾመኛን ግን በሞቴ አይባልም። ጾመኛን ማስገደድ ኃጢአት ነው። ስለዚህ መምህር እስከ ማታ ነኝ ባለ ቁጥር እኛ እጃችንን እንሰበስብና በአድናቆት ራሳችንን እንነቀንቃለን። ሴቶቹ «ባሕታዊው» ይሉት ጀመር። አንዷማ ልጇ ሲታመምባት ጸልይልኝ ብላ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል በስንት መከራ አነሳት። ዓርብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ጾም ነው። መሸሸጊያው እስከ ፋሲካ አልጎደለበትም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሱሪውን ይዞ ሱቄ መጣ። «ጋሽ ይርጋ፣ ወገቡ ሰፋብኝ» አለኝ። ሜትሬን አዞርኩበት። ሰማንያ አራት የነበረው ሰማንያ ሆኗል። «ጾሙ ገና ሳይጀመር አሳመረህ እኮ!» ብዬ ቀለድኩበት፤ ሳቀ። የኋላውን ስፌት ፈትቼ አጠበብኩለት። ሒሳብ ስንት ነው ሲለኝ «ጸልይልኝ፣ ይበቃል» አልኩት። ያን ቀን ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አይ ሞኝነት! ለተራበ ሰው ሱሪ በነጻ ማጥበብ!

በጾሙ አጋማሽ ለደብረ ዘይት ሰሞን ተመልሶ መጣ። ሰባ አምስት። ለሆሣዕና ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ሰባ። ሱሪ ከኋላ ብቻ ደጋግሞ ሲጠብ ምን እንደሚሆን ልብስ ሰፊ ያውቃል፤ ሁለቱ የኋላ ኪሶች እየተጠጋጉ ይመጣሉ። በሦስተኛው በመሀላቸው ሁለት ጣት የሚያስገባ ቦታ ብቻ ቀረ። ስሰጠው «ጨርቁን አልቆረጥኩትም፤ ውስጡ አጥፌዋለሁ። ፋሲካ ሲመጣ ትወፍራለህ፣ እንለቀዋለን» አልኩት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። ሰይድ ከበሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ሸኘው።

«ይርጋ» አለኝ ሰይድ። «ያ መምህር ርቦታል።»

«ጾመኛ ነው» አልኩት።

«ጾምንማ እኔም አውቀዋለሁ። ጾመኛ ማታ ሲደርስ ዓይኑ ይበራል፤ የሚሄድበት አለዋ! የዚህ ሰውዬ ዓይን ግን ሲነጋም ሲመሽም ያው ነው። ባለፈው ዳቦ ብሰጠው ሰዓቴ አልደረሰም ብሎ ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲያ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።»

እኔ ተናደድኩ። ስለ ጾም ለእኔ! ለቀባሪው አረዱት አሉ። «ሰይድ፣ አንተ የእኛን ጾም አታውቀውም፤ ስኳርህን ሽጥ» አልኩት። ወደ ሱቁ ተመለሰ። አለመሳቁ ገርሞኝ እንደነበር ዛሬ ትዝ ይለኛል።

የፋሲካ ዕለት እሑድ ቢሆንም ባለቤቱን ለምነን ግቢው ለእኛ ተለቅቆ ነበርና ከቅዳሴ በኋላ ሁላችንም እዚያ ተሰበሰብን። ያን ቀን ስም አይጠራም፤ ነዳይም አባልም አንድ ላይ ነው። የአንዱ ነጋዴ ሚስት ሐበሻ ቀሚስ በአረንጓዴ ጥለት ለብሳ ነበር፤ እኔም ቡናማ ኮቴን አውጥቼ። መምህር ግራጫ ሱፉን ለብሶ መጣ፤ ኮቱ ትከሻው ላይ የተሰቀለ እንጂ የተለበሰ አይመስልም። ያን ቀን ማን ይለቀዋል! «ከሁላችን የጾመ እሱ ነው፣ ጉርሻው ለእሱ ነው» ተባለና ከየአቅጣጫው በሞቴ በሞቴ ይዘንብበት ጀመር። መጀመሪያ በቀስታ ተቀበለ። ከዚያ ግን ሰውነቱ አመለጠው። እጁ ራሱን ችሎ መሶቡ ላይ ይሄድ ጀመር፤ ሳያላምጥ ይውጣል፤ ዓይኑ ማንንም አያይም። ሴቶቹ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። እሱም ቀና ሲል ሁላችንም እያየነው ነው። እጁን ሰበሰበ። ተነስቶ ከማንጎው ጀርባ ሄደና የበላውን ሁሉ አስመለሰው። «የጾመ ሆድ ነው፣ ቅባት አልለመደም» አልኩ እኔ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ሁሉም አዎ አዎ አለ። ያን ጊዜ እንኳ! በዓይናችን እያየን እንኳ!

ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም የለም። ረቡዕም የለም፣ ዓርብም የለም። ክርስቲያን ሁሉ የሚናፍቀው ወራት ነው። በሚቀጥለው ዓርብ መምህር መጣ፣ እንደ ልማዱ አሳለፈ፤ በአንድ እጁ ሳህን ይሰጣል፣ በሌላው ሱሪውን ይይዛል። መሶባችንን ስንከፍት «ዛሬማ ጾም የለም፣ ና!» አልነው። «ቤት በልቼ ነው የመጣሁት» አለ። «በሞቴ» ማለት ስንጀምር ኮቱን ከቅርንጫፉ አንስቶ ሄደ። በማግሥቱ ካኪ ሱሪ በገመድ ታጥቆ ግራጫውን ሱቄ ጥሎ ወገቡን አስለካና ሄደ፤ ለማውራትም አልቆመ። በሚቀጥለው ዓርብ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። እኔ ምን ተሰማኝ? ተናደድኩ። አሳላፊ ጎደለብኛ! ጾም ሲያልቅ ጽድቁም አለቀ እንዴ እያልኩ አጉረመረምኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ሱሪውን አነሳሁት። የወገቡን ልክ በእርሳስ የጻፍኩበት ወረቀት አብሮት ነበር፤ ጥሎት ሲሄድ በችኮላ ሜትር አዙሬበት ቁጥሩን ሳላስተውል ጽፌው ነበር። ስድሳ ሁለት ይላል። ቢጠብ ኪሶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይወጣሉ፤ ፈትቶ እንደገና መቁረጥ ነው። በዚያው ጠረጴዛ ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነበር። ስድሳ ሁለት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ወገብ ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከጠረጴዛው ማዶ የቆመውን ቁመተ ረጅም ሰውዬ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። ሜትሩ ሦስት ጊዜ ነግሮኛል፤ ሰይድ በቃሉ ነግሮኛል፤ እኔ ግን ጾም ነው አልኩ። ሱቁን ለሰይድ ትቼለት ሱሪውን በፌስታል ይዤ ናጉሩ ወጣሁ።

የናጉሩ ዘመድ የሚባል አልነበረም። ሰው እያጠያየቅሁ የደረስኩት ኮረብታው ግርጌ ያለ፣ ግንባታው የቆመ ቤት ነው። ኦኬሎ የሚባል ዘበኛ ይጠብቀዋል። «ቲቸርን ነው?» አለኝ በእንግሊዝኛ። «አንተ ወንድሙ ነህ?» አዎ አልኩት። «ታዲያ እስካሁን የት ነበርክ?» አለኝ። በር የሌለው ክፍል አሳየኝ፤ ካርቶን ተነጥፏል፣ ምስማር ላይ ግራጫው ኮት በሥነ ሥርዓት ተሰቅሏል። ኦኬሎ ማታ ማታ ፖሾ ሲያበስል አብረው ይበሉ ነበር። ባለቤቱ ግንባታውን ሲያቆም የዘበኛው ደመወዝም ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ካገኙ ይበላሉ፣ ካላገኙ ያድራሉ። ከማያውቀው ከዚህ ሰው እጅ መምህር ያለ እፍረት ይበላ ነበር። ያፈረው እኛን ነው። «ከትናንት በስቲያ ትኩሳት ጣለው፤ በጀርባዬ አዝዬ እስከ መንገድ አወረድኩት፤ ሆስፒታል ነው» አለኝ።

ሆስፒታል ያገኘሁት በማግሥቱ ዓርብ ነው። ወባ ነው አሉኝ፤ ሐኪሟ ግን ክንዱን አንስታ አሳየችኝና «ወባውን የሚታገልበት አቅም የለውም» አለች። ከምግብ ቤት ያመጣሁት ሾርባ በእጄ ነበር። አልጋው ላይ ስጠጋ አወቀኝ።

«ጋሽ ይርጋ፣ እርስዎ ምነው ለፉ?» አለኝ።

«ሱሪህን ይዤልህ መጣሁ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

«ቀኑ ምንድን ነው ዛሬ?»

«ዓርብ። ግን ሃምሳው ነው መምህር፣ ጾም የለም። በሞቴ፣ አንድ ማንኪያ ቅመስልኝ።»

አፉን ከፈተ። አንድ ማንኪያ ዋጠ፣ ሁለተኛውን ከንፈሩ ላይ ተወው። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ዘንድሮ ሃምሳው ረዘመብኝ» አለኝ።

ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ መለስኩት። ሕዝበ ክርስቲያን ምነው በረዘመ የሚለውን ወራት! በጾሙ ተሸሽጎ ከርሞ ጾሙ ሲፈታ ራቁቱን ቀረ። «ደምሰው ልጄ፣ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። አለቀስኩ፣ አልደብቅም።

«ስሜን ሊጠሩት ነዋ» አለኝ። በቁጣ አልነበረም። ተማሪ ለጠየቀው ጥያቄ እንደሚመልስ መምህር ነበር የመለሰልኝ። እሑድ ጠዋት ዐረፈ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለቀብሩ ያልወጣ ሰው አልነበረም። ነጋዴው ሁሉ ኪሱን ፈታ፣ ሳጥኑ ከጥሩ እንጨት ተሠራ፣ ምግብ ቤቶቹ ሦስት ቀን ሙሉ ለለቀስተኛው ድስት ሲያወጡ ሰነበቱ። አንድ ሳህን ባልደረሰው ሰው ስም መቶ ሰው በላ። ሴቶቹ «ባሕታዊው፣ ባሕታዊው» እያሉ አለቀሱለት፤ እውነቱን የምናውቀው እኔና ሰይድ ነበርን። ሰይድ አንድም ቀን «ነግሬህ ነበር» አላለኝም። ምነው ባለኝ! ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ተዝካሩ የዋለው በሰኔ ጾም ውስጥ ዓርብ ቀን ነው። የሚበላውም ያው ፖሾ በቦሎቄ ሆነ፤ እኔ ነኝ እንዲያ ይሁን ያልኩት። ማኅበርተኛው ማዶ አግዳሚው ላይ፣ ነዳያኑ በሩ አጠገብ ምንጣፉ ላይ። ሰይድ ከጁምዓ በቀጥታ መጥቶ ነበር፤ ነጭ ቆቡን እንዳደረገ ከአባላቱ ጋር አግዳሚ ላይ አስቀመጥነው። ወረቀቴን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። እንግዲህ እናገራለሁ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ንግግር ነበር፤ ደንቡ ስህተት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሰውየው ጾመኛ ሳይሆን የተራበ ነው ልል። አፌ ግን ንግግሩን እንቢ አለኝ። የመጀመሪያውን ሳህን አነሳሁና እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ፣ «ደምሰው አያሌው!» ብዬ ጠራሁ።

ሳህኑን እንደዘረጋሁ ቆምኩ። ለምን እንደጠራሁት ራሴም አላውቅ፤ ክንዴን ግን መመለስ አልቻልኩም። የሴቶቹ ፊት ላይ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባቸው አየሁ፤ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እንፋሎቱ ከሳህኑ እየወጣ ነው። መልስ የለም።

«አቤት!» አለ አንድ ድምፅ።

ሰይድ ነው። ከአግዳሚው ተነሳ፣ ግቢውን አቋርጦ መጣ፣ በሁለት እጁ ሳህኑን ከእጄ ተቀበለ። ወደ ቦታው አልተመለሰም። ጫማውን አውልቆ በሩ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ከነዳያኑ መካከል ተቀመጠና ቢስሚላሂ ብሎ መብላት ጀመረ። እኔም ወረቀቱን ቀድጄ እሳቱ ውስጥ ጨመርኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ግቢ ስም ተጠርቶ አያውቅም።

ነገ ዓርብ ነው፤ ሕሊና መልሴን ትጠብቃለች። ብዙ ማውራት አልችልበትም። ሱሪውን ይዤላት እሄዳለሁ። ውስጡ ያጠፍኩት ጨርቅ እንዳለ ነው፣ አልተቆረጠም፣ አልተለቀቀም። ገልብጣ የኋላ ኪሶቹን ትያቸው፤ ምነው እንዲህ ተጠጋጉ ብላ ትጠይቀኝ።